ቫንዳል፦ የጥፋት ስምና የስም ጥፋት

«ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ይባላል። ሰው ሲሞት ሥጋው አፈር ይለብሳል፤ ስሙ ግን እንደ ሥራው ተመስግኖ ወይም ተወቅሶ ከሕያዋን ጋር ይኖራል ለማለት ነው። ምሳሌያዊው አነጋገር የሚመለከተው እያንዳንዱን ሰው ነው። ነገር ግን አንድ ሙሉ ሕዝብ መንግሥቱ ፈርሶ፣ ቋንቋው ተናጋሪ አጥቶ፣ ዘሩም ከሌሎች ጋር ተቀላቅሎ ከጠፋ በኋላ፣ ስሙ ብቻ ከመቃብር በላይ ቀርቶ የወንጀል መጠሪያ ሊሆን ይችላል። የቫንዳሎች ዕጣ ይህ ነው።

ዛሬ በአያሌ የአውሮፓ ቋንቋዎች «ቫንዳል» ማለት የሌላውን ሰው ወይም የሕዝብን ንብረት፣ በተለይም ውብና ጥንታዊ የሆነውን፣ ለራሱ አንዳች ጥቅም ሳያገኝበት ሆን ብሎ የሚሰብር፣ የሚያበላሽና የሚያወድም ሰው ነው። ድርጊቱም «ቫንዳሊዝም» ይባላል። ቃሉ በትርጉም ሥራዎችና በምሁራን ንግግር በኩል ወደ አማርኛም ብቅ ማለቱ አልቀረም። ባዕድ ቃል ወደ አንድ ቋንቋ መግባቱ በራሱ ነውር አይደለም፤ «ሙዚየም»ም «ቴአትር»ም ከውጭ መጥተው አማርኛ ሆነዋል። ጥያቄው ሌላ ነው። ይህ ቃል ከመዝገበ ቃላዊ ፍቺው በስተ ጀርባ ምን ይዞ ይገባል? ማንን ይከሳል? ማንንስ ከክስ ነጻ ያወጣል? መምህሩ በክፍል ውስጥ፣ የባህል ሠራተኛው በስብሰባ ላይ፣ ከያኒውም በሥራው ቃሉን ከመጠቀሙ በፊት ይህንን ሊመረምር ይገባዋል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሕዝቡና ምስክሮቹ

ቫንዳሎች ከጀርመናውያን ነገዶች ወገን ነበሩ። በ5ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ የራይንን ወንዝ ተሻግረው የዛሬዋ ፈረንሳይ ወደምትገኝበት ምድር ገቡ። በ409 ወደ ስፔን አለፉ። በ429 ደግሞ በንጉሣቸው በጋይሴሪክ መሪነት ባሕር ተሻግረው ሰሜን አፍሪካን ረገጡ። የጥንት ጸሐፊዎች የተሻገረውን ሕዝብ ብዛት 80 ሺህ ያደርሱታል። በ430 የሂፖን ከተማ ከብበው ሳለ ታላቁ የላቲን ቤተ ክርስቲያን ሊቅ አውግስጢኖስ በተከበበችው ከተማ ውስጥ ሞተ። በ439 ካርቴጅን ያዙና መናገሻቸው አደረጓት። ለሮማ ከተማ እህል ይጫንበት የነበረው ወደብም በእጃቸው ገባ።

ስማቸውን ለዘላለም ያጎደፈው ድርጊት የተፈጸመው በ455 ነው። ጋይሴሪክ መርከቦቹን ይዞ ወደ ሮማ ዘመተ። የሮማው ሊቀ ጳጳስ ልዮን ወጥቶ ከንጉሡ ጋር ተነጋገረ፤ ከተማዋ እንዳትቃጠልና ሕዝቧም እንዳይገደል ለመነው። ከዚያም ቫንዳሎች ለ14 ቀን ከተማዋን በዘበዙ። የቤተ መንግሥቱን ሀብት ጫኑ፤ በጁፒተር መቅደስ ጣራ ላይ ከነበረው በወርቅ የተለበጠ ነሐስ እኩሌታውን ገፈው ወሰዱ፤ ንግሥቲቱንና ሁለት ሴት ልጆቿንም ማርከው ሄዱ። ድርጊቱ ቀላል አልነበረም። ሆኖም ከተማዋን አመድ አላደረጓትም፤ ሕንፃዎቿንም ለማፍረስ ሲሉ አላፈረሱም። የፈለጉት ሀብቱን ነበርና ሀብቱን ወሰዱ። በአማርኛ ይህ ሥራ ዝርፊያ፣ ብዝበዛ፣ ምርኮ ይባላል እንጂ ውድመት አይባልም። እንግዲህ በዓለም ቋንቋዎች የከንቱ አጥፊነት ምሳሌ የሆነው ሕዝብ ዝናውን ያተረፈበት ትልቁ ድርጊት ከጥፋት ይልቅ ወደ ቅሚያ የቀረበ ነበር። ከእነርሱ 45 ዓመት ቀደም ብሎ በ410 ሮማን የዘረፉት ጎቶች ነበሩ፤ የጎቶች ስም ግን ውሎ አድሮ የአንድ ታላቅ የሕንፃ ጥበብ መጠሪያ ሆኗል።

በአፍሪካ ምድር መንግሥታቸው አንድ መቶ ዓመት ያህል ቆየ። በዚያ ዘመን የላቲን ቅኔ በካርቴጅ አልተቋረጠም፤ ድራኮንቲዩስና ሉክሶሪዩስ የተባሉት ባለቅኔዎች የጻፉት በቫንዳል ነገሥታት አገዛዝ ሥር ነበር። እርግጥ ነው፣ ድራኮንቲዩስ በአንደኛው ንጉሥ ታስሮ ነበር፤ ነገሥታቱም የአርዮስን ትምህርት የተከተሉ ስለ ነበሩ የኒቅያን ሃይማኖት በያዙ ካህናት ላይ ስደትና ግዞት አደረሱ። ይህ ሊሸፈን የሚገባው ነገር አይደለም። ነገር ግን ስለ ቫንዳሎች የሚታወቀው አብዛኛው ነገር ከማን አፍ እንደ መጣ ማስተዋል ያስፈልጋል። ቪክቶር ዘቪታ ስለ እነርሱ የጻፈው ከተሳደዱት ካህናት ወገን ሆኖ ነው። ፕሮኮፒዩስ የጻፈው በ533 እና በ534 መንግሥታቸውን ያጠፋው የቢዛንታዩ የጦር አለቃ የቤሊሳሪዩስ ጸሐፊ ሆኖ ነው። ቫንዳሎች ግን በራሳቸው ብዕር የተጻፈ ታሪክ አላስቀሩም። ከሳሹ ጸሐፊ ሲሆን፣ ተከሳሹም ቃሉን ሳይሰጥ ሲሞት፣ ፍርዱ ምን እንደሚመስል የታወቀ ነው።

የኢትዮጵያን ታሪክ የሚያስተምር መምህር ፕሮኮፒዩስን በሌላ በኩል ያውቀዋል። ይኸው ጸሐፊ በዚያው የጦርነቶች ታሪኩ ውስጥ፣ የፋርስን ጦርነት በሚተርክበት ክፍል፣ ስለ አክሱምና «ሄለስቴያዮስ» ብሎ ስለሚጠራቸው ንጉሥ፣ ማለትም ስለ ዐፄ ካሌብ እለ አጽብሐ፣ የሒምያርንም ዘመቻ ይገልጻል። በ531 ገደማ የቢዛንታዩ ንጉሠ ነገሥት ዮስጢኒያኖስ ወደ አክሱም ስለ ላከው መልእክተኛም ያወሳል። ይህን ምስክርነት የሚጠቀም ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ ጸሐፊው የቁስጥንጥንያን ጥቅም በልቡ ይዞ እንደ ጻፈ ያውቃልና ቃሉን እየመዘነ ይቀበላል። ስለ አክሱም ሲሆን የሚደረገው ጥንቃቄ ስለ ቫንዳሎች ሲሆን የሚቀርበት ምክንያት የለም።

ቃሉ እንዴት ተወለደ

ቫንዳሎች ከጠፉ በኋላ ስማቸው ለብዙ መቶ ዓመታት በታሪክ መጻሕፍት ውስጥ ከሌሎች «አረመኔ» ነገዶች ጋር ተቀላቅሎ ኖረ። የጥንቷን ሮማ ጥበብ እንደ ገና ያነሣው የኢጣልያ ኅዳሴ ሲመጣ ግን ፍርስራሹን ያየ ሁሉ «ይህን ማን አፈረሰ?» ብሎ ጠየቀ። መልሱም «ጎቶችና ቫንዳሎች» የሚል ሆነ። እንግሊዛዊው ባለቅኔ ድራይደን በ1694 በጻፈው ግጥም ሁለቱን ስሞች አቆራኝቶ በጥበብ አጥፊነት ከስሷቸዋል።

ነገሩን ከድራይደን ቀድሞ በትክክል ያየው ግን ሠዓሊ ነበር። በ1519 ገደማ ታላቁ ሠዓሊ ራፋኤል ከወዳጁ ከካስቲሊዮኔ ጋር ሆኖ ለርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ልዮን 10ኛ በላከው ደብዳቤ፣ የሮማን ሐውልቶች ስላጠፉት ጎቶችና ቫንዳሎች ማማረር ከንቱ መሆኑን ያመለክታል። የከተማዋ አባትና ጠባቂ ሊሆኑ የሚገባቸው ሊቃነ ጳጳሳት ራሳቸው ለረጅም ጊዜ አፍራሾች ሆነው ነበርና። የጥንቱ እብነ በረድ እየተቃጠለ ለአዲስ ግንብ ኖራ ይሆን ነበር። አንድ መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በ17ኛው መቶ ዓመት፣ ከባርቤሪኒ ቤተሰብ የተወለደው ኡርባን 8ኛ የጥንቱን የፓንቴዎን መቅደስ የደጀ ሰላም ነሐስ አስነቅሎ ለመድፍ መሥሪያ ባዋለው ጊዜ፣ የሮማ ሕዝብ «ባርባር» እና «ባርቤሪኒ» በሚሉት ቃላት መመሳሰል ተጫውቶ፣ አረመኔዎቹ ያልደፈሩትን የባርቤሪኒ ልጆች ፈጸሙት የሚል የአሽሙር አባባል አወጣ። ሰምና ወርቅ ለሚያውቅ አድማጭ የዚህ አሽሙር ጣዕም ማብራሪያ አያሻውም፤ ወርቁም የራፋኤል ፍርድ ነው፤ ከሩቅ መጣ ከተባለው እንግዳ ይልቅ ቤቱን የጎዳው ባለቤቱ ነበር።

«ቫንዳሊዝም» የሚለውን ቃል የፈጠረው ፈረንሳዊው አንሪ ግሬጓር ነው። ግሬጓር በ1750 የተወለደ ካህን ሲሆን፣ አብዮቱን ደግፎ የብሏ ከተማ ጳጳስና የብሔራዊው ኮንቫንሲዮን ሸንጎ አባል ሆነ። የባሪያ ፍንገላ እንዲቀር፣ አይሁድም ከሌላው ዜጋ ጋር እኩል መብት እንዲያገኙ የተሟገተ፣ በ1808 ደግሞ የጥቁር ሕዝቦችን የሥነ ጽሑፍና የአእምሮ ችሎታ የሚያስመሰክር መጽሐፍ ያሳተመ ሰው ነው። በነሐሴ 31 ቀን 1794 በሸንጎው ፊት ባቀረበው ዘገባ በመላ ፈረንሳይ የደረሰውን የቅርስ ጥፋት ዘረዘረ፤ መጻሕፍት ተቃጥለዋል፣ ሥዕሎች ተቀደዋል፣ ሐውልቶች ተሰብረዋል፣ የከበሩ ዕቃዎች በርካሽ ተሽጠዋል። በዚያው ዓመት መጨረሻ ሁለት ተጨማሪ ዘገባዎች አከለ። በኋላ በጻፈው የሕይወት ታሪኩ፣ ቃሉን የፈጠረው ድርጊቱን በቃል ለመግደል አስቦ እንደ ሆነ ገልጧል። በዚያው መጽሐፍ፣ ቫንዳሎች ከወጡበት አገር የተወለዱ ጀርመናውያን ሊቃውንት አባቶቻቸው ተዋጊዎች እንጂ አጥፊዎች አልነበሩም በማለት ቅሬታ እንዳቀረቡም ያወሳል። ክርክሩ ከቃሉ ጋር አብሮ ተወልዷል ማለት ነው።

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን

የግሬጓርን ዘገባ ለመረዳት ከዚያ በፊት የተፈጸመውን ማወቅ ያሻል። በነሐሴ 1792 የፈረንሳይ ሸንጎ የፊውዳሉን ሥርዓት የሚያስታውሱ ሐውልቶችና ምልክቶች እንዲወገዱ ደነገገ። በ1793 በሳን ዴኒ ገዳም የነበሩት የፈረንሳይ ነገሥታት መቃብሮች ተከፍተው አፅማቸው በጋራ ጉድጓድ ተጣለ። በዚያው ዓመት በፓሪስ የኖትር ዳም ካቴድራል ፊት ለፊት በተርታ የቆሙት 28 የነገሥታት ሐውልቶች የፈረንሳይ ነገሥታት ናቸው ተብለው እንዲወርዱ ተደረገ፤ ራሳቸውም ተቆረጠ። ሐውልቶቹ ግን የፈረንሳይ ነገሥታት አልነበሩም። የይሁዳ ነገሥታት፣ የዳዊትና የሰሎሞን ዘር የሆኑ የመጽሐፍ ቅዱስ ሰዎች ነበሩ። ከተቆረጡት ራሶች 21ዱ በ1977 በፓሪስ ለሕንፃ ሥራ መሬት ሲቆፈር ተገኝተው ዛሬ በክሉኒ ሙዚየም ይታያሉ።

«አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» የሚለው የአማርኛ ተረት ለዚህ ድርጊት የተበጀ ይመስላል። በጨቋኙ ላይ የተነሣው ቁጣ እውነተኛና ተገቢ ነበር፤ ድንጋዩ ግን ግብር አልጣለም፤ ሰውም አላሰረም። የድንጋዩን ራስ የቆረጠው እጅ ድንጋዩን የጠረበውን የእጅ ሥራ ባለሙያ፣ ማለትም ከራሱ ወገን የሆነውን ስም የለሽ ሠራተኛ፣ ሥራ ቆረጠ። የግሬጓር ታላቅነት ይህን በማየቱ ላይ ነው። በነገሥታቱ ገንዘብ ቢሠራም በሕዝብ እጅና ላብ የተሠራ ነገር ከነገሥታቱ ውድቀት በኋላ የሕዝብ ነው፤ እርሱን የሚያጠፋ የራሱን ንብረት ያጠፋል የሚል አሳብ በዘገባዎቹ ውስጥ ጎልቶ ይታያል። ሉቭር በነሐሴ 1793 ለሕዝብ መከፈቱ፣ አሌክሳንድር ሌኗር የተባለው ሰው ከየገዳማቱ የሰበሰባቸው ሐውልቶች በ1795 ሙዚየም መሆናቸው የዚሁ አሳብ ፍሬዎች ናቸው።

ይሁን እንጂ ቃሉ ሌላም ሥራ ሠርቷል። ዘገባው የቀረበው ሮብስፒየር ከወደቀ አንድ ወር ካለፈ በኋላ ነበር። ግሬጓር ጥፋቱን የወደቀው ቡድንና የአብዮቱ ጠላቶች ሤራ አድርጎ አቀረበው። ድንጋጌውን ያወጣው ግን የአገሪቱ ሸንጎ ነው፤ ሐውልቱን ያወረደውም በመንግሥት ገንዘብ የተቀጠረ ሠራተኛ ነው። «ቫንዳል» የሚለው ስም ጥፋቱን ከፈረንሳይ አውጥቶ ከራይን ማዶ ለመጣ የጥንት አረመኔ ሰጠው። ስለዚህም ቃሉ ከተወለደበት ቀን ጀምሮ ሁለት ባሕርይ አለው። በአንድ በኩል የጋራ ቅርስን ማጥፋት ወንጀል ነው ይላል፤ ይህ እውነትና ትልቅ ትምህርት ነው። በሌላ በኩል ወንጀለኛው ከእኛ ወገን አይደለም ይላል፤ ይህ ግን ሐሰት ነው።

በግሬጓር ላይ ሌላም ነቀፌታ አለ። የድንጋይና የብራና ቅርስ እንዳይጠፋ የተሟገተው ይኸው ሰው፣ ያንን ዘገባ ከማቅረቡ ሦስት ወር ያህል ቀደም ብሎ፣ በሰኔ 4 ቀን 1794፣ በፈረንሳይ ምድር የሚነገሩት የየአውራጃው ልሳኖች ተደምስሰው ፈረንሳይኛ ብቻ እንዲነገር የሚጠይቅ ሌላ ዘገባ ለዚያው ሸንጎ አቅርቦ ነበር። ዓላማው ዜጋው ሁሉ ሕጉን በአንድ ቋንቋ እንዲያውቅና እኩል እንዲሆን ነው ቢልም፣ የመረጠው መንገድ ማጥፋት ነበር። የተሰበረ ሐውልት ተጠግኖ ሊቆም ይችላል፤ ተናጋሪዎቹ የተዉት ቋንቋ ግን ተረቱን፣ ዘፈኑን፣ ለቅሶውንና ምርቃቱን ይዞ ይጠፋል። ቅርስን በድንጋይ ብቻ የመዘነው የግሬጓር ሚዛን እዚህ ላይ ጎደሎ ሆኖ ተገኝቷል። ሰማንያ ገደማ ቋንቋዎች በሚነገሩባት በኢትዮጵያ ለሚያስተምር መምህር ይህ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም።

ስሙ ለማን ይሰጣል?

አንድ ቃል ፍትሐዊ መሆኑ የሚታወቀው ለሁሉም በእኩል ሲሠራ ነው። «ቫንዳል» ግን በታሪክ ውስጥ ለደካማው ፈጥኖ ሲለጠፍ፣ ለኃያሉ ሲዘገይ ታይቷል።

ሠዓሊው ጉስታቭ ኩርቤ ለዚህ ምስክር ነው። በግንቦት 16 ቀን 1871 የፓሪስ ኮምዩን በቫንዶም አደባባይ የቆመውን የናፖሊዮንን የድል ዓምድ አፈረሰ። ዓምዱ የተለበጠው በጦርነት ከተማረኩ መድፎች በቀለጠ ነሐስ ሲሆን፣ ኩርቤ ቀደም ሲል ተነቅሎ ከዚያ ቦታ እንዲዛወር አሳብ አቅርቦ ነበር። የኮምዩኑ ድንጋጌ በወጣበት ቀን ግን የኮምዩኑ አባል ለመሆን ገና አልተመረጠም። ኮምዩኑ ከተደመሰሰ በኋላ ስድስት ወር እስራትና 500 ፍራንክ መቀጫ ተፈረደበት። ቆይቶም ዓምዱን መልሶ ማቆሚያ ከ323 ሺህ ፍራንክ በላይ ዕዳ ተጣለበት፤ ወደ ስዊዘርላንድ ተሰድዶ በታኅሣሥ 31 ቀን 1877 በዚያው ሞተ። ሥራው ትክክል ነበር ወይስ አልነበረም የሚለው ዛሬም ያከራክራል። የማያከራክረው ግን አንድ ነው። ኮምዩኑ በተሸነፈበት በዚያው የግንቦት ወር መጨረሻ በፓሪስ ጎዳናዎች ለተገደሉት በሺህ ለሚቆጠሩ ሰዎች ይህን የመሰለ ሒሳብ ለማንም አልቀረበም። የነሐሱ ዋጋ እስከ ሳንቲሙ ተሰልቷል።

በአንጻሩ መቅደላ አለ። በሚያዝያ 1868 ዐፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ከሠዉ በኋላ የእንግሊዝ ጦር አምባውን በዘበዘ። ብዝበዛውን ለማጓጓዝ 15 ዝሆኖችና ሁለት መቶ ያህል በቅሎዎች እንዳስፈለጉ ተጽፏል። በደላንታ ሜዳ ላይ በተደረገው ጨረታ ከብሪቲሽ ሙዚየም የተላከው ሪቻርድ ሆልምስ ዋነኛ ገዢ ነበር። አምባው ራሱ ከነመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያኑ በእሳት ወደመ። እዚህ ላይ ዝርፊያም ውድመትም በአንድ ቦታ ተገናኝተዋል፤ ቫንዳሎች በሮማ ካደረጉት የሚበልጥ እንጂ የሚያንስ አይደለም። ነገር ግን ጽላቱ፣ ዘውዱና ብራናው በለንደን ሲደርሱ የተመዘገቡት «ግዢ» እና «ስብስብ» በሚሉ ቃላት ነው። በ1871 በእንግሊዝ ፓርላማ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ግላድስተን ዕቃዎቹ ከኢትዮጵያ በመምጣታቸው ማዘኑን ቢናገርም፣ ኀዘኑ ዕቃውን አልመለሰም።

የአክሱም ሐውልት ታሪክም ከዚህ ይዛመዳል። በ1937 የፋሽስት ኢጣልያ መንግሥት 24 ሜትር ያህል ርዝመት ያለውን ሐውልት ቆራርጦ ወስዶ በሮማ ከተማ አቆመው። በ1947 የተፈረመው የሰላም ውል በ18 ወር ውስጥ እንዲመለስ ቢያስገድድም ሐውልቱ የተመለሰው በ2005 ነው፤ በአክሱምም በ2008 ዳግመኛ ቆመ። በ455 የደረሰባትን የ14 ቀን ዝርፊያ ለአሥራ አምስት መቶ ዓመታት ስታወሳ የኖረች ከተማ የሌላውን ሕዝብ ሐውልት ለ68 ዓመት ያህል በመሐሏ አቆመች። ይህን ያደረጉት «ቫንዳል» በሚለው ስም አልታወቁም። ስሙ ቀድሞውኑ ለሌላ ተሰጥቷልና።

የፍርስራሽ ሁሉ አባት

ይህ ሁሉ በሌላው ላይ ለመፍረድ ብቻ ከተነገረ ትችቱ ጎዶሎ ይሆናል። በኢትዮጵያም የፍርስራሽን ሁሉ ኃላፊነት ለአንድ ስም የማሸከም ልማድ አለ። በሰሜን የጥንት ሕንፃ ፈርሶ ከተገኘ ብዙ ጊዜ «ዮዲት ጉዲት አፈረሰችው» ይባላል። በመካከለኛውና በደቡቡ ክፍል ደግሞ ስሙ ግራኝ ይሆናል። በሶዶ ምድር፣ በጢያ፣ የቆሙትና በ1980 በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት ትክል ድንጋዮች በአካባቢው «የግራኝ ድንጋይ» ይባላሉ። የጥናት ሰዎች ግን በሥራቸው የሚገኙትን መቃብሮች ከ12ኛው እስከ 14ኛው መቶ ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ያደርጓቸዋል። ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም የዘመቱት ከ1529 እስከ 1543 ነው። እንግዲህ ስሙ ከድንጋዩ በብዙ ዘመን ያንሳል። የሰይፍ ቅርጽ የተጠረበባቸውን እነዚያን ድንጋዮች ያቆመው ሕዝብ ማን እንደ ሆነ የሚያስጠይቀው በር በአንድ ታዋቂ ስም ተዘጋ።

በእነዚያ የጦርነት ዓመታት ብዙ አብያተ ክርስቲያናትና መጻሕፍት መቃጠላቸው የታወቀ ነው፤ የኢማሙ የራሳቸው ወገን የሆነው ዐረብ ፈቂህ «ፉቱሕ አል ሐበሻ» በተባለው መጽሐፉ መዝግቦታል። እውነቱ መካድ የለበትም። ነገር ግን ከአንድ ሰው ዘመን በፊት የፈረሰውም፣ ከእርሱ በኋላ የተቃጠለውም፣ በዝናብና በምስጥ የጠፋውም በአንድ ስም ሲመዘገብ ታሪክ ይደኸያል። የአክሱም መዳከም በቀይ ባሕር ንግድ መለወጥና በመሬቱ መጎዳት ምክንያት ከ7ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ እንደ ነበር ምሁራን ይናገራሉ፤ «ዮዲት አጠፋችው» የሚለው አጭር መልስ ግን ይህን ሁሉ ጥናት ያስቀራል። ከዚህም የሚከፋው፣ የአንድ ሰው ስም ውሎ አድሮ የአንድ ሃይማኖት ወይም የአንድ ሕዝብ ስም መስሎ መሰማቱ ነው። በዚያን ጊዜ የጥፋት ስም በሕያዋን ላይ የስም ጥፋት ይሆናል።

አንድ ተጨማሪ ጉዳትም አለ። ጥፋት ሁልጊዜ ከጦረኛና ከባዕድ የሚመጣ ከሆነ በቤት ውስጥ የሚደርሰው አይታይም። በአሮጌ የግድግዳ ሥዕል ላይ በደማቅ የዘይት ቀለም የሚቀባው ሰው ራሱን እንደ አሳማሪ ይቆጥራል። ከብራና መጽሐፍ ሥዕል ያለበትን ቅጠል ቀድዶ ለአገር ጎብኚ የሚሸጠው ራሱን እንደ ነጋዴ ይቆጥራል። የሚያፈስ ጣራ እያየ በጀት እስኪመጣ የሚጠብቀውም ራሱን እንደ ታዛዥ ሠራተኛ ይቆጥራል። ከእነዚህ አንዳቸውም «ቫንዳል» በሚለው መስተዋት ውስጥ የራሳቸውን ፊት አያዩም፤ ቃሉ የሚያሳየው ፈረስ ላይ የተቀመጠ ባዕድ ብቻ ነውና። ራፋኤል በሮማ የተናገረው እዚህም ይሠራል።

አማርኛ ምን ይበል?

ለዚህ ነገር አማርኛ ቃል አላጣም። ግእዝ የግንብና የቅጥር መፍረስን «ነሠተ»፣ ጥፋትንና ብክነትን «አማሰነ»፣ የጦር ዘረፋን «በርበረ» በሚሉት ግሶች ለይቶ ሲናገር ኖሯል። («በርበረ» ከግሪኩ «ባርባሮስ» ጋር በድምፅ ቢመሳሰልም መመሳሰል ብቻውን ዝምድናን አያረጋግጥም።) አማርኛም ዘረፈ፣ በዘበዘ፣ አፈረሰ፣ አበላሸ፣ አወደመ እያለ ይለያል። ዘራፊው የወሰደው ነገር በሌላ ቦታ ይኖራልና ሊመለስ ይችላል፤ ጥያቄውም «መልስ» ነው። አውዳሚው ያጠፋው ነገር የለምና ጥያቄው «ስለ ምን አጠፋህ?» ይሆናል። ቸልተኛው በእጁ ሳይነካ ለጠፋው ነገር «የት ነበርክ?» ተብሎ ይጠየቃል። እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች «ቫንዳል» የሚለው አንድ ቃል አደባልቆ ይውጣቸዋል። በዚህ ሚዛን የ455ቱ የሮማ ድርጊት በዋናው ዝርፊያ ነው፤ የመቅደላው ዝርፊያም ውድመትም ነው፤ የኖትር ዳሙ ውድመት ነው፤ የተቀደደው ብራና ደግሞ ሦስቱንም ሊሆን ይችላል።

በመሆኑም ዜና ጸሐፊው፣ መምህሩና የሕግ አርቃቂው «ቅርስ ዘራፊ»፣ «ቅርስ አውዳሚ»፣ «በቅርስ ጥበቃ ቸልተኛ» እያሉ ድርጊቱን በድርጊቱ ስም ቢጠሩ፣ ቃሉ አጥፊውን ለይቶ ይይዛል፤ ያላጠፋውንም አይነካም። ብዙ ሕዝቦች ጎን ለጎን በሚኖሩበት አገር ወንጀልን በሕዝብ ስም መጥራት የሚያስከትለውን ማንም አያጣውም። ቫንዳሎች ሞተዋል፤ ስማቸው ቢጎድፍ አቤት የሚል ዘር የላቸውም። ሕያው ሕዝብ ግን ስሙ ሲጠፋ ይሰማል፤ ልጁም በትምህርት ቤት ይሰማል።

ይህ ማለት ከግሬጓር የሚወሰድ ነገር የለም ማለት አይደለም። የሚወሰደው ቃሉ ሳይሆን አሳቡ ነው። በንጉሥ ትእዛዝ ቢሠራም፣ በመነኩሴ እጅ ቢጻፍም፣ በገበሬ ትከሻ ቢጓጓዝም፣ የትናንት ሥራ የዛሬውና የነገው ሕዝብ የጋራ ንብረት ነው። ከሐውልቱ ጋር ቋንቋውን፣ ከብራናው ጋር ዜማውን አንድ ላይ የሚጠብቅ ቢሆን ደግሞ የግሬጓርን ጉድለት ያሟላል። ስም ከመቃብር በላይ የሚውል ከሆነ፣ ከፍርስራሹ በላይ ሊጻፍ የሚገባው ያፈረሰው ሰው ስምና ያፈረሰበት ዓመት ነው። ይህን ለመጻፍ መዝገብ መያዝ፣ ምስክር መጠየቅ፣ የራስንም እጅ መመርመር ያስፈልጋል።